ለጋሼ እግር የተሰጠ ሦስት ደቂቃ

ስዊድን አገር ባለችው ሰፈራችን፣ ቮርቢ ጎርድ ውስጥ፣ እንደ ጋሼ የሚሳደብ የለም። ይህን የምለው ሳላወዳድር አይደለም፤ ሕንፃችን ውስጥ የማይኖር የዓለም ሕዝብ የለም፣ የሁሉንም ስድብ የልብስ ማጠቢያ ተራ ሲዛባ ሰምቻለሁ። ሌላው ይጮኻል፣ እናት አባት ያነሳል፣ በር ይደበድባል። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንድ ጸያፍ ቃል ሳይወጣቸው፣ ሰውየውን ከነዘር ማንዘሩ ገንዘው ይቀብሩታል። ተሰዳቢው ቤቱ ገብቶ ምሳውን በልቶ ሲጨርስ ነው መሞቱ የሚገባው።

ቅዳሜ ጠዋት ምድር ቤት ያለው ማጠቢያ ክፍል የእኔና የእሳቸው ተራ ነው። በአንዱ ማሽን የልጆቼን ልብስ እጨምራለሁ፣ በሌላው እሳቸው ሸሚዛቸውን ይጨምራሉ፣ ከዚያ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን የስዊድንን መንግሥት እናጥባለን። አጣቢው እሳቸው ናቸው፤ እኔ ሳሙና አቀባይ ነኝ።

የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። እኔ አራተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ሦስተኛ ነን፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ከከተማው ማዶ ሱንድቢበሪ ትኖራለች፣ እዚያው ቢሮ ትሠራለች፤ አማርኛውን አንድ ሳይቀር ትሰማለች፣ መልሷ ግን በስዊድንኛ ነው። ጋሼ አዲስ አበባ ሳሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ተክለው ራፖር ይጽፉ ነበር። አጥሩ የተገፋበት፣ ጡረታው የቆመበት፣ ባሏ ጥሏት የሄደ፣ ሁሉም እሳቸው ፊት ቁጢጥ ብሎ ያለቅሳል፤ እሳቸው ለቅሶውን ሹም ሊሰማው ወደሚችል ነገር ይለውጡታል። ጥበቡን ብዙ ጊዜ አስረድተውኛል።

«ሹም ማለት ብርድ የመታው ሰም ነው» ይላሉ። «ቀጥታ ማኅተምህን ብታሳርፍበት ይሰነጠቅብሃል። መጀመሪያ ታሞቀዋለህ። ታመሰግነዋለህ፣ ትመርቀዋለህ፣ ደግነቱን ታስታውሰዋለህ። ባይኖረውም ታስታውሰዋለህ። ልቡ ሲለሰልስ ያን ጊዜ ጉዳይህን ጠቅ ታደርግበታለህ።»

በዚህ ዘዴ ያስመለሱት መሬት ተጋጥሞ ቢዘረጋ፣ እሳቸው እንደሚሉት ሳይሆን እኔ እንደማጋንነው፣ ከሰበታ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ይደርሳል።

ወደ እግራቸው ልምጣ። እዚህ አገር ሕክምና የመንግሥት ነው ይባላል። ውሸት አይደለም፣ የሚከፍለው መንግሥት ነው። የሚሸጠው ግን ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ነው። ኩባንያ መጥቶ ጤና ጣቢያ ይከፍታል፣ አንተ ደስ ያለህ ጋ ትመዘገባለህ፣ ሬጊዮኑ፣ ማለትም የክልሉ መስተዳድር፣ በተመዘገበው ሰው ልክ ለኩባንያው ይከፍላል። ሄደህ ታከምክ አልታከምክ የአንተ ድርሻ ይገባል። ስለዚህ በዚህ ገበያ ከሁሉ በላይ የሚወደደው በሽተኛ ጤነኛው ነው። እኔን የመሰለ፣ ዮርድብሩ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዳ ውሎ በዓመት አንዴ የሚያስነጥስ ሰው፣ ለኩባንያ የፋሲካ ሙክት ማለት ነው። ጋሼ ግን ስኳር አለባቸው፤ ስኳሩ የግራ እግራቸውን አውራ ጣት አቁስሎታል፤ ቁስሉ በየጊዜው መታጠብና በፋሻ መታሸግ አለበት። ጋሼ ለኩባንያ ኪሳራ ናቸው።

መጀመሪያ ሲመጡ ሙክቱንም ኪሳራውንም ሳይለዩ ነበር የሰበሰቡን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ከረሜላ የያዙ ሁለት ፈገግተኞች ቆመው ስልካችንን እየነካኩ አስመዘገቡን። ፊርማ የለ፣ ጥያቄ የለ። ጽዋ ማኅበር ለመግባት እንኳ ከዚህ የበለጠ ትመረመራለህ።

እውነቱን ለመናገር ጤና ጣቢያው መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ስለሆነ ጋሼ ሩላቶራቸውን፣ ያችን ባለ አራት ጎማ የሽማግሌ መደገፊያ፣ እየገፉ ብቻቸውን ይደርሱ ነበር። ጠና ያለች ነርስ ነበረች። እግራቸውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ታጥባለች፣ ጎንበስ ብላ ታሸታለች። ደህና ከሆነ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ ደህና ካልሆነ ዝም ብላ ሐኪሙን ልትጠራ ትወጣለች። በዚያ ዝምታዋ ቁስሉ ስንት ጊዜ ሳይብስ ተይዟል። ጋሼና እሷ በአንድ ቋንቋ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተነጋግረው አያውቁም፤ ሲጨዋወቱ ግን ይውሉ ነበር።

ከዚያ አንድ ክረምት በሩ ተዘጋ። ተዘጋ አልተባለም፣ «ወደ እናንተ ቀረብን» ነው የተባለው። ኩባንያው ክፍሉን ለቀቀና ስልክ ውስጥ ገባ። ነርሷ ተሰናበተች። እኛ ግን አልተሰናበትንም፤ ስማችን እዚያው፣ ክፍያውም እንደዚያው። ካልወደዳችሁት ሌላ ቦታ ተመዝገቡ፣ ምርጫው የእናንተ ነው አሉን። አጠገባችን ያሉትን ስንጠይቃቸው ሞልተናል አሉን። ገበያ ቆሞ ሻጭ የጠፋበትን አገር ያየሁት እዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የጋሼ ፎቶ አንሺ ሆንኩ። ቁስሉን አንስቼ እልካለሁ፣ በስክሪኑ ዶክተር ይመጣል። ዶክተሩ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው፣ ሁልጊዜ ፀጉሩ የተበጠረ ነው፣ ሁልጊዜ «ትንሽ ወደ መብራቱ ጠጋ» ይላል። በስልኬ ውስጥ ከልጆቼ ምርቃት ይልቅ የጋሼ አውራ ጣት ይበዛል፦ በፊት ለፊት፣ በጎን፣ በመስኮት ብርሃን። ፓስፖርት ሊወጣላት የሚችል ጣት ነበረች።

«እስቲ ጠይቀው» ይሉኛል ጋሼ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው። «ሽታው እንዴት ነው በለው።»

«ጋሼ፣ በስልክ አይሸትም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚያየው? የእኔ ቁስል እኮ መጀመሪያ የሚናገረው ለአፍንጫ ነው።»

ተረጎምኩለት። ዶክተሩ በትሕትና ሳቀ፤ ቦታውን በደረቁ ያዙት አለና ጠፋ። ቅዳሜ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ጋሼ ኩባንያውን፣ የኩባንያውን ባለቤት፣ ባለቤቱን ያዋለደችውን አዋላጅ፣ አዋላጇ ያን ቀን የተሳፈረችበትን አውቶቡስ ሳይቀር በየተራ አነሱ። ማሽኑ ራሱ ለመስማት ቀስ ብሎ የዞረ ይመስለኛል።

ይህን ገበያ የሚጠብቅ ግን አለ። ሕዝብ የመረጣቸው የሬጊዮኑ ምክር ቤት አባላት ኮሚቴ አላቸው፤ ለጤና ጣቢያዎቹ ፈቃድ የሚሰጠውም፣ ሲያጎድሉ የሚጠይቀውም፣ ፈቃድ የሚነጥቀውም እሱ ነው። የጋሼ ልጅ ለኮሚቴው ደጋግማ ጻፈች። ከሌላም ሰፈር ጽፈው ኖሯል፤ በመጨረሻ ኮሚቴው ኩባንያውን ጠራው። ጥያቄው አጭር ነበር፦ ክፍሎቹንና ነርሶቹን ይመልስ፣ ወይስ በስልኩ ይቀጥል? ከመወሰኑ በፊት ግልጽ ስብሰባ ይደረጋል ተባለ። ከየሰፈሩ አንድ ተመዝጋቢ ቀርቦ ይናገራል። ሦስት ደቂቃ።

ከእኛ ማን ይናገር የሚለው ጉዳይ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ተነሳና ሳይነሳ አለቀ። ትልቅ ሰው እያለ፣ ቁስሉም የራሱ ሆኖ፣ ዕድሜውን ሙሉ በአቤቱታ ያደረ ሰው እያለ ማን ሌላ ስም ይጠራል? ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ በአገራችን ወግ ሁለቴ እምቢ አሉና በሦስተኛው እሺ አሉ።

ልጃቸው ይህን ስትሰማ ቅዳሜ ጠዋት ከሱንድቢበሪ መጣች። ቀጥታ ማጠቢያ ክፍል ወረደች።

«ፓፓ፣ ከቁስሉ ጀምር» አለች በስዊድንኛ፣ ጃኬቷን ሳታወልቅ። «ነርሷን አባረሩ፣ እግሬ እየባሰ ነው፣ ክፍሉን ይክፈቱ። በቃ። ጊዜ ከተረፈህ አመስግን።»

«ሰው ቤት ተጋብዘሽ ከበሩ ላይ 'ወጡ ጨው የለውም' ብለሽ ትገቢያለሽ?» አሉ ጋሼ በአማርኛ።

«ሰው ቤት አይደለም። ምክር ቤት ነው። እንዲሰሙህ ነው የሚከፈላቸው።»

«የሚከፈለው ሰው ክብር አይወድም?»

እኔም ጣልቃ ገባሁ። «ጋሼ፣ እዚህ የሚሉትን እዚያ ቢደግሙትስ? ሁሉን አላልኩም። ያቺን አዋላጇን ብቻ ቢያነሷት ኩባንያው በሚቀጥለው መርከብ ፊንላንድ ይገባል።»

«አንተ ቀላጅ። ስድብ የማጠቢያ ክፍል ነው። ሹም ፊት የሚቀርበው አቤቱታ ነው፣ አቤቱታም ሥርዓት አለው።»

«እኔ ልናገርልህ» አለች ልጃቸው። ይህን በአማርኛ ነበር ያለችው፤ ከእሷ አማርኛ ስሰማ ነገሩ ከምር መሆኑ ገባኝ።

«እግሩ የማን ነው?» አሉ ጋሼ። በዚያው ተዘጋ።

የስብሰባው ቀን ጋሼ ጥቁር ሱፍ ለበሱ፣ ክራቫት አሰሩ፣ ሟች ሚስታቸው የገዙላቸውን ባርኔጣ አደረጉ። የቀኝ እግራቸው ጫማ ሲያንጸባርቅ ፀሐይ ያስንቃል። ግራው በፋሻ ተጠቅልሎ ክፍት ሰንደል ውስጥ ነበር። አዳራሹ ከተማ መሃል ነው፣ ጣሪያው የትየለሌ፣ ወንበሩ ሁሉ ቆዳ። የኮሚቴው አባላት በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል፤ መሃላቸው ሰብሳቢዋ፣ ፀጉሯ ሽበት፣ ፊቷ ደግ። ይህን ለማማት አልልም፣ በእውነት ደግ ፊት ነበራት። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ተሰቅሏል።

ጋሼ ንግግር ማድረጊያው ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ አጥፈው ወደ ታች መልቀቅ ነበር። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በሽተኛውን እግር እየሸፈኑት ነው። ቁስል ሹም ፊት ይዞ መቅረብ ነውር ነዋ። ልጃቸው አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ኮሚቴው ሊወስንበት የተሰበሰበውን እግር ሳያየው ቀረ።

ቶልኳ፣ አስተርጓሚዋ፣ ከጎናቸው ቆማለች፤ ወጣት፣ ንጹሕ አማርኛ፣ ንጹሕ ስዊድንኛ፣ ማስታወሻ ደብተር በእጇ። ጋሼ የሚሉትን ቆም ሲሉ ነው የምትተረጉመው። ሦስቱ ደቂቃ ለሁለት መከፈሉን ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። እኔ ያሰብኩት እንግዲህ ሰዓቱ መሮጥ ከጀመረ በኋላ ነው፤ እዚያ ከነበርነው ሁሉ ቀድሞ ያሰበው ማንም አልነበረም።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ክቡራን የምክር ቤቱ አባላት» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። «ከሁሉ አስቀድሜ ለዚህች ቀን በሰላም ያደረሰንን ፈጣሪ አመሰግናለሁ። ቀጥሎም ስደተኛውን ተቀብሎ ያሳረፈ፣ ያለበሰ፣ ልጆቹን ያስተማረ ይህን ሕዝብና ይህን መንግሥት አመሰግናለሁ። የተራበ ያበላ ሲመሰገን ይኖራል፤ እናንተ ደግሞ ሳንጠይቅ አበላችሁን።»

ቆም አሉ። ቶልኳ ተረጎመች፣ አንድ ቃል ሳትጨምር፣ አንድ ቃል ሳታጎድል። ከአባላቱ አንዷ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሰሙ መሞቅ ጀምሯል። የጋሼን ፊት አየሁት፤ ጃንጥላቸው ሥር የተቀመጡ ነበር የሚመስለው።

«ይህ ጤና ጣቢያም» ቀጠሉ «ሰፈራችን ከተከፈተ ጀምሮ የዋለልን ውለታ ተነግሮ አያልቅም። ሐኪሞቹ ቅኖች፣ ጸሐፊዎቹ ሰው አክባሪዎች። በተለይ እግሬን ታጥብልኝ የነበረችው ነርስ፣ እናቴ በሕይወት ብትኖር ከእሷ የበለጠ አታደርግልኝም። ኩባንያውን ያቋቋሙትም ይባረኩ። ልጅ አሳዳጊ፣ ሽማግሌ ጧሪ ያድርጋቸው።»

ቶልኳ ተረጎመች። የኩባንያው ተወካይ፣ ሰማያዊ ኮት የለበሰ ወጣት፣ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። ሰዓቱ ላይ ቀሪው ጊዜ ቀይ ሆነ። ልጃቸው በጥፍሯ ክንዴን ያዘችው።

ጋሼ ሩብ እርምጃ ወደፊት ተጠጉ። ይህን አውቀዋለሁ፤ ጠቅ ሊያደርጉ ሲሉ ሁልጊዜ ወደፊት ይጠጋሉ። «ይሁን እንጂ ክብርት ሰብሳቢ፣ ባለፈው ክረምት...»

ሰዓቱ ጮኸ። ጩኸቱ ለስላሳ ነበር፣ እንደ አሳንሰር ደወል።

«በጣም እናመሰግናለን» አለች ሰብሳቢዋ። «ልብ የሚነካ ነበር። የሚቀጥለው ተናጋሪ።»

ጥቂቶቹ አጨበጨቡ። ጋሼ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ቶልኳ በጆሯቸው ስትነግራቸው ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው እጅ ነሱና ሩላቶራቸውን ዞር አደረጉ። የኩባንያው ተወካይ ተራው ሲደርስ ከተገልጋዩ አንደበት የሰማው እንዳስደሰተው፣ ምስጋናውንም ለሠራተኞቹ እንደሚያደርስ ተናገረ። ላባረሯት ነርስ በምን አድራሻ እንደሚያደርስላት አልተናገረም።

ኮሪደሩ ላይ ቶልኳን ያዝኳት።

«እህቴ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ብታስገቢያት ምን ነበረበት? ሦስት ቃል። 'እግሩ እየበሰበሰ ነው።'»

«አላሉም» አለች።

«ሊሉ ነበር እኮ። አንቺም የአዲስ አበባ ልጅ ነሽ፣ ከ'ይሁን እንጂ' በኋላ ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች። «ያልተባለ ከተረጎምኩ ግን ነገ ማንም አያምነኝም። አባቴም እንደዚሁ ነው የሚናገሩት። እኔ ሐኪም ቤት ስወስዳቸው ሕመማቸውን የሚናገሩት በር ላይ ስንደርስ ነው፣ ስንወጣ።» ከዚያ ጋሼን ሄዳ ሳመቻቸውና ሄደች። ልቆጣት ፈልጌ ምክንያት አጣሁ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ልጃቸው ሰብሳቢዋ ጋ ሄዳ ነበር። የተናጋሪዎች ስም ዝርዝር ተዘግቷል አሏት። በጽሑፍ ላስገባ ስትል የጽሑፍ አስተያየት መቀበያው ከስብሰባው በፊት አልቋል አሏት። ሁሉም በትሕትና፣ ሁሉም በፈገግታ። እዚህ አገር በር ሲዘጋብህ እንኳ ጣትህ እንዳይያዝ ይጠነቀቁልሃል።

ወደ ቤት ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ጋሼ ደስተኛ ነበሩ። በእውነት ደስተኛ። «አየሃት ያቺን? እጇን ደረቷ ላይ አደረገች እኮ።»

«አባዬ፣ ጉዳዩን አልተናገርክም» አለች ልጃቸው። አሁንም በአማርኛ።

«አልጨረስኩም ነው የሚባለው። ስለዚህ ይጠሩኛል። ሹም አቤቱታ አስጀምሮህ ሳያስጨርስህ አይፈርድም።» ይህን ሲሉ ለእሷ ብቻ አልነበረም፤ አጠገባችን ለቆመው ብስክሌት ለያዘ ስዊድናዊም ጭምር ነበር።

ጠበቁ። ስልካቸው ሲጠራ ኮታቸውን ያስተካክላሉ። እኔ ቀልድ ለመፍጠር እየሞከርኩ «ጋሼ፣ ንጉሡ ራሳቸው ይደውላሉ፣ መስመሩ ተጨናንቆ ነው» እላለሁ፤ እሳቸው ግማሹን አምነው ግማሹን ይስቃሉ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ እንኳን ደስ ያለዎት ይላቸዋል። ንግግራቸውን አንዱ ቀድቶት በስልክ ተሰራጭቶ ነበር፤ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ሰማው፣ የሰማ ሁሉ አማርኛውን አደነቀ። «ይሁን እንጂ» ካሉ በኋላ መቋረጣቸውን ልብ ያለው ጥቂት ነው፤ የኛ ሰው እንደዚያ ዓይነት መግቢያ ከሰማ ቀሪውን ራሱ ይሞላዋላ።

ኮሚቴው ውሳኔውን ድረ ገጹ ላይ አወጣ። ልጃቸው በስልክ አነበበችልን። ከተገልጋዮች በኩል የተሰማው ድምፅ ከፍተኛ እርካታን ያሳያል፣ በኩባንያው ላይ እርምጃ ለመውሰድ ምክንያት አልተገኘም የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ሌሎቹ ሰፈሮች ምን እንዳሉ አላውቅም፤ የጋሼ ምስጋና ግን ውስጡ ነበረ፣ ከነምርቃቱ።

ጋሼ ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ «ቸኩለዋል» አሉ፣ ስለ ልጅ እንደሚናገር ሰው።

የጋሼ አውራ ጣት ጠቆረች። ፎቶ አንስቼ ላክሁ፤ ወደ መብራቱ ጠጋ ተባልኩ። ጠጋ አልኩ። ሰኞ እንመለከተዋለን አሉኝ። ልጃቸው ሰኞን አልጠበቀችም፣ በታክሲ ድንገተኛ ክፍል ወሰደቻቸው። መጀመሪያ አውራ ጣታቸውን ቆረጡ፣ ከዚያ አጠገቧ ያለችውን፣ ቀጥሎ መቆራረጡን ትተው የእግራቸውን ግማሽ። በመሃል ስልኬ ደወለ፤ መልእክቱ «ጉዳይዎ ተዘግቷል፣ አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት?» የሚል ነበር።

የቆረጠው ሐኪም ወጥቶ አነጋገረን። «ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው እንኳ ሳያየው እንዴት ቀረ?» አለ።

«ኧረ ብዙ ሰው አይቶታል» አልኩት። «ቆንጆ ቆንጆ ፎቶ አለን።»

አልሳቀም። እኔም ያልኩት እንዲስቅ አልነበረም።

በዓመቱ ኮሚቴው የጤና ገበያውን የሚገመግምበት ግልጽ ስብሰባ ነበረው፤ መናገር የፈለገ ይመዘገባል። እኔ ተመዘገብኩ። ለጋሼ አልነገርኩም ነበር፣ ልጃቸው ነገረቻቸው፤ እመጣለሁ አሉ። ያንኑ ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ካፖርታቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከኋላ ተቀመጡ። የምሸፍነው እግር የለኝም እንዳይሉ ይሆናል፣ አልጠየቅኳቸውም።

ቶልክ አልፈለግኩም። በመጋዘን ስዊድንኛዬ፣ ያለ እንደምን ዋላችሁ፣ ያለ ክብርት ሰብሳቢ ጀመርኩ። «ነርስ ነበረች፣ ኩባንያው አባረራት፣ እናንተ ፈቀዳችሁለት። ቁስል በስልክ አይታከምም። እኚያ ከኋላ ያሉት ሰው እግራቸው ተቆርጧል። ክፍሉን አስከፍቱ፣ ወይ ፈቃዱን ንጠቁ።» ጨረስኩ። ቀና ብዬ ሰዓቱን ሳየው ጊዜው ገና አረንጓዴ ነበር። በተረፈው ጊዜ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም፤ እዚያው ቆሜ ሰዓቱ ሲቆጥር አየሁ።

ያቺው ሰብሳቢ፣ በዚያው ደግ ፊቷ፣ ስለ ግለሰብ ጉዳይ አስተያየት መስጠት እንደማንችል ትረዳለህ አለችኝ። ጉዳዩ በወቅቱ በሚገባ ታይቷል፣ እንዲያውም ተጠቃሚው ራሳቸው እዚህ ቀርበው በአገልግሎቱ መርካታቸውን ገልጸዋል፣ በደንብ አስታውሳቸዋለሁ አለች። በደንብ የምታስታውሳቸው ሰውዬ ከፊቷ ተቀምጠዋል። አመሰገነችኝና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈች፤ ስለ አንድ ሆስፒታል ጣሪያ ነበር።

ወደ ቤት በባቡር ተመለስን። ልጃቸው ወደ ሱንድቢበሪ ለመሄድ መሃል ከተማ ላይ ከእኛ ተለይታለች፤ ሁለታችን ብቻ ነን። ብዙ ጣቢያ አለፍን።

«እንደምን ዋላችሁ እንኳ አላልክም» አሉ በመጨረሻ።

«ጋሼ...»

«ያን ሁሉ ጊዜ ይዘህ። ተርፎህ ቆመህ ሰዓት ስታይ። አንዲት እንደምን ዋላችሁ ጠፋችብህ?»

«ሰላምታማ ባለፈው እርስዎ ሰጥተዋቸዋል» አልኩ። «ያቺን እነሱ ገና ተጠቅመው አልጨረሷትም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሰድቡኝ ነበር፣ እኔም ያንን ፈልጌ ነበር ያልኩት። አልሰደቡኝም። ካፖርታቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉና መስኮቱን አዩ፤ ዋሻ ውስጥ ነበርን፣ ከራሳቸው ፊት በስተቀር የሚታይ አልነበረም።

«አሁን እነዚያ ሰዎች ስለኛ ምን ይላሉ?»

«ምንም አይሉም፣ ጋሼ። የሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ ናቸው።»

«ክፉም አይሉም?»

«ክፉም አይሉም።»